አርባ ሰባት ዓመት አየር የለኩ ሰው

መጋቢት 20 ቀን 1950 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ማርች 29 ቀን 1958፣ ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎአ በሚባለው እሳተ ገሞራ ተራራ ላይ የተተከለ አንድ መሣሪያ የመጀመሪያ ቀን ልኬቱን መዘገበ። ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 313ቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። መሣሪያውን ያስተከሉት ኬሚስት በዚያ ቀን ሥፍራው ላይ አልነበሩም፤ ተራራውን በዓይናቸው ያዩት በዚያው በአውሮፓውያኑ ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቷቸው ነበር። ከዚያ ቀን አንሥቶ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ያንኑ ነገር ሲለኩ ኖሩ።

ስለ አየር ንብረት ለውጥ በሚነገርበት መድረክ ሁሉ የሚታየው፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ከፍ ዝቅ እያለ ሽቅብ የሚወጣው መስመር የእሳቸው የእጅ ሥራ ነው። ሳይንቲስቶች “የኪሊንግ ኩርባ” ይሉታል። የሰው ልጅ ከሚኖርበት ዓለም ጋር ስላለው ግንኙነት ከሚናገሩ ማስረጃዎች ሁሉ ይህን ያህል አጭርና ይህን ያህል የማያሻማ ሌላ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። ግን የኩርባው መኖር ራሱ ተአምር ሊባል የሚገባው ነው። በተለያየ ጊዜ ሊቋረጥ ለጥቂት ተርፏል፤ አንዳንድ ጊዜም በእርግጥ ተቋርጧል።

የኪሊንግ የሥራ ሕይወት ዩኒቨርሲቲዎችንና ለምርምር ገንዘብ የሚመድቡ መሥሪያ ቤቶችን የሚያስጨንቅ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። አንድ ተመራማሪ የትናንቱን ልኬት ዛሬም፣ የዛሬውን ነገም እየደገመ ቢኖር ደመወዙ ይገባዋል ወይ? አሜሪካ ውስጥ ጥያቄው ለኪሊንግ በተደጋጋሚ ቀርቦላቸዋል፤ የጠያቂዎቹም ልብ “አይገባውም” ወደሚለው ያዘነብል ነበር። ዛሬ ያ አስተሳሰብ ስሕተት እንደነበር የሚጠራጠር ሳይንቲስት አይገኝም። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ጥያቄው ገና መልስ አላገኘም፤ እንዲያውም በወጉ አልተጠየቀም።

ኪሊንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ስክራንተን በምትባል ከተማ ተወለዱ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው)። ፒያኖ በጥሩ ሁኔታ የሚጫወቱ፣ ሙዚቃንም እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ያልተዉ ሰው ነበሩ። በኬሚስትሪ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ሲይዙ ዘመኑ የፕላስቲክና የነዳጅ ኩባንያዎች ኬሚስት የሚሻሙበት ነበር። እሳቸው ግን ስለ በረዶ ዘመን አንድ መጽሐፍ አንብበው ልባቸው ወደ ተራራና ወደ ድንጋይ ሸፍቶ ስለነበር፣ የኩባንያዎቹን በር ሳያንኳኩ ወደ ምዕራብ ጠረፍ አቀኑ። የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ተቀበላቸው።

እዚያ የተሰጣቸው ሥራ ስለ ወንዝና ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ነበር። ውሃው ውስጥ ያለው ካርቦን ከአየሩ ጋር ምን ያህል እንደተመጣጠነ ለማወቅ ግን መጀመሪያ አየሩ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። በጊዜው የነበረው መረጃ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነበር። መጠኑ ከቦታ ቦታ፣ ከነፋስ ነፋስ በእጅጉ ይለያያል ተብሎ ይታመን ስለነበር ሌላ ሰው ቢሆን ግምታዊ ቁጥር ወስዶ ወደ ውሃው ባለፈ ነበር። ኪሊንግ አንድ የቆየ የምርምር ጽሑፍ ፈልገው፣ በእሱ ላይ ተመሥርተው የራሳቸውን መለኪያ በእጃቸው ሠሩ።

በ1955 ጸደይ ቢግ ሰር ወደሚባለው የካሊፎርኒያ ደን ወጥተው ቀንና ሌሊት ናሙና ይወስዱ ጀመር። የሥራውን ጠባይ ለመረዳት ጠርሙሱን ማየት ያስፈልጋል። አምስት ሊትር የሚይዝ፣ ውስጡ ያለው አየር አስቀድሞ ተመጦ የወጣለት የመስታወት ጠርሙስ ነው። መክፈቻው ሲዞር የውጭው አየር ባዶውን ለመሙላት እየፋጨ ይገባል፤ ወዲያው ይዘጋል። እንዲህ ያለ ናሙና የሚወስድ ሰው ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ ነው መክፈት ያለበት። ከሳንባ በሚወጣው አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውጭው አየር መቶ እጥፍ ያህል ስለሚበልጥ አንዲት ትንፋሽ ልፋቱን ሁሉ ታበላሻለች። ናሙናው ቤተ ሙከራ ሲደርስ በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀዘቅዛል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከቀሪው አየር ይለያል፤ ከዚያ ግፊቱ በሜርኩሪ ዐምድ ይነበባል። ይህ ሁሉ ለአንዲት ቁጥር ነው። ኪሊንግ በየጥቂት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ከመኝታቸው እየተነሡ፣ ይህንን ሲያደርጉ ሰነበቱ።

ያገኙት ነገር ማንም ያልጠበቀው ነበር። ሌሊት ዕፀዋት የሚያስተነፍሱት ካርቦን በዛፎቹ ሥር ታምቆ ስለሚያድር ልኬቱ ከፍ ይላል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ምድሩን አሙቃ አየሩ ሲታመስ ግን ቁጥሩ የትም ቦታ ቢለካ ወደ 310 ገደማ ይመለሳል። በደን፣ በተራራና በበረሃ ተለክቶ ያው ሆኖ ተገኘ። ዓለም በሙሉ የሚጋራው አንድ አየር ካለ፣ ያ አየር እየተለወጠ መሆን አለመሆኑን ከአንድ ጥሩ ቦታ ሆኖ መከታተል ይቻላል ማለት ነው።

ከዚያ ሁለት የሥራ ግብዣ መጣላቸው። አንደኛው የአሜሪካ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት የምርምር ኃላፊ ከነበሩት ከሃሪ ዌክስለር ነበር፤ ዋሽንግተን ሄደው ያዩት የሥራ ቦታ ግን ጭልምልም ያለ ምድር ቤት ሆነባቸው። ሁለተኛው ሮጀር ሬቬል ከሚመሩት፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ላ ሆያ ባሕር ዳር ካለው የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ነበር። ኪሊንግ ስክሪፕስን መረጡ፤ ዌክስለርም ቅር ሳይሰኙ ለመሣሪያዎቹ ገንዘብ ሰጡ። ሁለቱ ሰዎች ባይተባበሩ ኖሮ ማውና ሎአ ላይ መሣሪያ ባልተተከለም ነበር።

ሬቬል ታላቅ ሳይንቲስት ነበሩ፤ ሆኖም ሥራውን ያሰቡት በሌላ መንገድ ነው። ዓለምን አንድ ጊዜ ዞሮ በየባሕሩና በየአህጉሩ መለካት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ ተመልሶ ለውጡን ማየት። ይህ የብዙ ፕሮጀክቶች ባሕርይ ነው፦ መነሻ ጥናት፣ ማጠቃለያ ጥናት፣ በመሀል ዝምታ። ኪሊንግ ግን መሣሪያው ሌት ተቀን፣ ሳያቋርጥ እንዲለካ ፈለጉ። ሁለት ፎቶግራፍ ብቻ ቢነሣ ኖሮ መጠኑ መጨመሩ ይታወቅ ይሆናል፤ ምድር በየዓመቱ የምትተነፍሰው ትንፋሽ ግን አይታይም ነበር።

ያ ትንፋሽ በመጀመሪያ ያስደነገጠው ራሳቸውን ኪሊንግን ነው። በ1958 እስከ ግንቦት ቁጥሩ ሲወጣ ቆየ። መካከል ላይ ተራራው ላይ ኤሌክትሪክ ተቋረጠ። መሣሪያው እንደገና ሲሠራ ቁጥሩ ወርዶ ተገኘ። ልኬቱ የሚዋዥቅ፣ የማያስተማምን መሰለ። በተከታዩ ዓመት ግን ያው መውጣትና መውረድ በየወሩ ተራ ተደገመ። የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ዕፀዋት በበጋቸው ካርቦኑን ከአየር እየሳቡ ቅጠል ያወጣሉ፤ በክረምታቸው ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ መልሰው ይሰጣሉ። በ1960 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንን ዑደት ገልጸው፣ ከዑደቱ በላይ ደግሞ አጠቃላይ መጠኑ ከዓመት ዓመት እየጨመረ መሆኑን ጠቆሙ። ሁለቱም ግኝቶች የመጡት ሁለት ዓመት ያህል ሳይሰለቹ ከመለካት ነው።

እንዲህ ካለ ውጤት በኋላ ገንዘብ አይቸግርም ብሎ የሚያስብ ሰው የምርምር ዓለምን አያውቅም። በ1963 አንታርክቲካ ላይም ሌት ተቀን ይካሄድ የነበረው ልኬት በበጀት እጥረት ቆመ። በ1964 የማውና ሎአ ሠራተኞች ቁጥር ተቀነሰ፤ መሣሪያው ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው ጠፋ። ኩርባውን ቀረብ አድርጎ ያየ ሰው በዚያ ዓመት ጸደይ ላይ ክፍተት ያገኛል። የነዚያን ሳምንታት አየር ዛሬ በምንም ገንዘብ መልሶ መለካት አይቻልም። የተቋረጠ መንገድ በሚቀጥለው በጀት ይቀጠላል፤ የተቋረጠ ልኬት ግን እንደተቋረጠ ይቀራል።

ከዚያ ደግሞ ክርክሩ መጣ። ገንዘብ ሰጪዎቹ ሥራው ከጊዜ ብዛት “ምርምር” መሆኑ ቀርቶ “ልማዳዊ ክትትል” ሆኗል ይሉ ጀመር፤ ልማዳዊ ክትትል ደግሞ የመንግሥት ቢሮ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ሥራ አይደለም። ኪሊንግ በግለ ታሪካቸው እንደጻፉት፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም በዓመት ሁለት ግኝት እንዲያረጋግጡ ተጠይቀዋል። ይህ ጥያቄ በቁም ነገር የቀረበ ነበር። ኪሊንግ በየጊዜው አዲስ የገንዘብ ማመልከቻ እየጻፉ፣ የሚያግዛቸውን ባለሥልጣን እየፈለጉ፣ ሌላ ተቋም ልኬቱን ሲረከብ ጥራቱ እንዳይወርድ እየተሟገቱ ዓመታት አሳለፉ። በ1974 የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት በዚያው ተራራ ላይ የራሱን ልኬት ጀመረ። ኪሊንግ የራሳቸውን አላቆሙም። ሁለቱ መዝገቦች ዛሬም ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አንዱ የሌላው ምስክር ነው።

እዚህ ላይ ለተቺዎቹ ፍትሕ መስጠት ይገባል። የሚደገም ነገር ሁሉ ሳይንስ አይደለም፤ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ለመመለስ የሚሞላ መዝገብም በየቢሮው አለ። ኪሊንግን የሚለያቸው ጥንቃቄያቸው ነው። መሣሪያው የሚመሳከርበትን ጋዝ ራሳቸው ያዘጋጃሉ፤ ጋዙን በሌላ ጋዝ፣ ያንንም በሜርኩሪ መለኪያቸው ያመሳክራሉ። ለአሥርት ዓመታት የዓለም ላቦራቶሪዎች የካርቦን ልኬታቸውን ያመሳከሩት በስክሪፕስ ነበር። ትናንትና የተለካውን ከሠላሳ ዓመት በፊት ከተለካው ጋር በእምነት ማነጻጸር የተቻለው በዚህ ነው። ይህ የጸሐፊ ሥራ አይደለም። ጥርጣሬን በየቀኑ ከሥሩ የሚነቅል አእምሮ ይጠይቃል።

ትዕግሥቱ የሰጠው ፍሬም በዓመት ሁለት ተብሎ የሚቆጠር አልነበረም። በ1976 ባልደረባቸው ሮበርት ባካስቶው ኤልኒኞ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ያለወትሮው መሞቅ በሚከሰትባቸው ጊዜያት የካርቦኑ አጨማመር እንደሚለወጥ ከመዝገቡ አገኙ። በ1996 ደግሞ ኪሊንግና የሥራ ጓዶቻቸው ያ ዓመታዊ ትንፋሽ ማውና ሎአ ላይ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በ20 በመቶ ያህል መስፋቱን አሳዩ፤ የሰሜኑ ምድር ዕፀዋት የእድገት ጊዜያቸው እየተለወጠ ነው ማለት ነው። ይህን በአምስት ዓመት ፕሮጀክት ማግኘት የሚችል ሰው አልነበረም። በ2002 የአሜሪካ መንግሥት ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ሸለማቸው። በ2005 በ77 ዓመታቸው ሞንታና ውስጥ ሲያርፉ ቁጥሩ 380 ገደማ ደርሶ ነበር። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት የነበረው 280 ያህል ነው። በ2024 የማውና ሎአ ዓመታዊ አማካይ ከ424 አልፏል። ሥራውን የስክሪፕስ ሳይንቲስት የሆኑት ልጃቸው ራልፍ ኪሊንግ ይዘው ቀጥለዋል።

ይህ ታሪክ ከአዲስ አበባ ሩቅ ይመስላል፤ አይደለም። የማውና ሎአ ልኬት የተጀመረው ከ1957 እስከ 1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት ነው። በዚያው ዘመቻ ምክንያት፣ በዚያው ጊዜ፣ በቀድሞው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ቄስ ፒየር ጉዌን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቋሙ። ከተማዋ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች የዓለም ሳይንቲስቶች እዚያ መለኪያ እንዲኖር ይፈልጉ ነበር። መግነጢስ ለመለካት የተጀመረው ሥራ የመሬት መንቀጥቀጥን ወደመመዝገብ ሰፋ። በ1961 ካራ ቆሬን ያናወጠውን መንቀጥቀጥ ጉዌን አጥንተዋል፤ በ1979 የታተመው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፋቸውም እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ኦብዘርቫቶሪው ዘውድ ሲወድቅ፣ መንግሥት ሲለወጥ፣ ጦርነት ሲመጣና ሲሄድ በዩኒቨርሲቲው ጉያ ቆይቷል። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ፣ የአዲስ አበባም ሕንጻዎች ሲወዛወዙ፣ ሕዝቡ “ምን ሊመጣ ነው?” ብሎ የጠየቀው የዚህን ተቋም ባለሙያዎች ነው። መልስ ሊሰጡ የቻሉት ማንም በማይጠይቃቸው ዓመታት ሲመዘግቡ የኖሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

የዝናቡ መዝገብ ይህን ያህል ዕድለኛ አልሆነም። አንድ የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ላይ የሚሠራ ታዛቢ ዘወትር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወደ መለኪያው ይሄዳል። የተጠራቀመውን ውሃ በመስመር ወደተከፋፈለ ብልቃጥ ያንቆረቁራል፤ ዓይኑን ከውሃው ወለል ጋር አስተካክሎ በሚሊ ሜትር ያነባል፤ ይጽፋል። ዝናብ ካልዘነበ ዜሮ ይጽፋል። ቁም ነገሩ እዚህ ዜሮ ላይ ነው። ባዶ የተተወ ሣጥን ዜሮ ማለት አይደለም፤ ዘንቦም ይሆናል፣ ታዛቢው ታሞም ይሆናል፣ ወፍጮ ቤት ወርዶም ይሆናል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ መዝገቡን የሚያገላብጥ ተመራማሪ ድርቅን ከታዛቢ መቅረት የሚለይበት መንገድ ያጣል። በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙ ጣቢያዎች በ1970ዎቹ ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ዝም ብለዋል፤ ዝምታው ያረፈውም ረኃቡ በጸናባቸው ዓመታትና ቦታዎች ላይ ነው። ያሉትም ጣቢያዎች በአብዛኛው ከተማና አስፋልት ተከትለው የተተከሉ ናቸው፤ ቆላው ገበሬና አርብቶ አደሩ ካሉበት ርቀዋል።

ይህ የቢሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ የወቅት ትንበያ ለረጅም ጊዜ የተመሠረተው በተመሳሳይ ዓመታት ዘዴ ላይ ነው። ባለሙያዎቹ የዘንድሮውን የውቅያኖስ ሙቀት አይተው ከቀደሙት ዓመታት የትኞቹን እንደሚመስል ይፈልጋሉ፤ በእነዚያ ዓመታት ክረምቱ ወይም በልጉ እንዴት እንደነበር መዝገብ ገልጠው ዘንድሮን ይገምታሉ። ኤልኒኞ ሲጠነክር የሰሜኑና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምት መድከሙ የታወቀው እንዲህ ነው። በ2015 ኤልኒኞ ምክንያት በመጣው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አስቸኳይ የምግብ እርዳታ አስፈልጓቸዋል። መዝገቡ የጎደለበት ወረዳ ግን የሚመሳሰለው ዓመት የለውም።

ቀዳዳውን ለመድፈን የተደረገ ጥሩ ሥራ አለ። የብሔራዊ ሚቲዮሮሎጂ ኤጀንሲ ይባል የነበረው የዛሬው የኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ካለው የአየር ንብረትና ኅብረተሰብ ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ የጣቢያዎችን ልኬት ከሳተላይት መረጃ ጋር አዋሕዶ፣ የአገሪቱን የሠላሳ ዓመት ዝናብ በየአሥር ቀኑ የሚያሳይ መዝገብ አዘጋጅቷል። ሥራውን ከመሩት መካከል ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስቶች አሉ፤ አሠራሩም በኋላ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተዛምቷል። ሳተላይት ግን የደመናን ሙቀት ነው የሚያየው፤ ደመናውን ወደ ዝናብ የሚተረጉምለት መሬት ላይ ያለው ብልቃጥ ነው። ትግራይ ውስጥ ዓዲ ሓ ላይ በ2009 ለ200 ያህል ገበሬ ቤተሰቦች የተጀመረው የዝናብ እጥረት መድን በሳተላይት መረጃ ላይ መመሥረት የነበረበት የረጅም ጊዜ መዝገብ በአቅራቢያው ስላልነበረ ነው።

እንግዲህ ዩኒቨርሲቲዎቹ የት አሉ? አገሪቱ ዛሬ በየክልሉ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ከቆላ እስከ ደጋ፣ ከአፋር ጠረፍ እስከ ጋምቤላ። አንዳቸውም ለሃምሳ ዓመት የሚቆይ የዝናብ፣ የወንዝ ወይም የአፈር ልኬት ለመጀመር ውድ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። የሚጎድለው እሱን ሥራዬ ብሎ ለያዘ መምህር የሚከፈል ዋጋ ነው። የማዕረግ ዕድገት በአብዛኛው በታተሙ ጽሑፎች ቁጥር ይለካል፤ የምርምር ገንዘብ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ይሰጣል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ አስተዋይ ወጣት ተመራማሪ መረጃ ከኢንተርኔት አውርዶ በሦስት ወር ጽሑፍ ቢያወጣ አይፈረድበትም። ውጭ አገር ሄዶ የዶክትሬት ዲግሪ የሚሠራው ኢትዮጵያዊም ስለ ገዛ አገሩ ዝናብ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ሌሎች በሠሩት የሳተላይት መዝገብ ነው።

ሀብታሞቹም ከዚህ አደጋ አላመለጡም። በ2022 ማውና ሎአ ሲፈነዳ ቅልጡ መንገዱንና የኤሌክትሪክ መስመሩን ቆርጦት ልኬቱ ለጊዜው ወደ ጎረቤቱ ማውና ኬአ ተዛወረ። በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ለቀጣዩ ዓመት ያቀረበው የበጀት ጥያቄ ደግሞ የጣቢያውን ሥራ የሚሸፍነውን የምርምር ክፍል ገንዘብ የሚሰርዝ ነበር። እሳተ ገሞራው ያደረሰውን ጉዳት መሐንዲስ ይጠግነዋል። የበጀቱ ጉዳይ ግን የሚያልቀው በምክር ቤት ስለሆነ ራልፍ ኪሊንግ አባታቸው ሲመልሱት የኖሩትን ጥያቄ እንደ አዲስ መመለስ ያዙ።

ለኢትዮጵያ የሚቀርበው ሐሳብ ከባድ አይደለም። ዛሬ በዓለም ላይ የመረጃ ስብስብን ብቻ እንደ ምርምር ሥራ ገምግመው የሚያሳትሙ የታወቁ መጽሔቶች አሉ፤ አንድ መምህር ለአሥር ዓመት ያለ ክፍተት ያቆየው፣ የተመሳከረና ለሕዝብ ክፍት የሆነ መዝገብ በእነዚህ ላይ ሲወጣ ለማዕረግ ዕድገት እንደ ማንኛውም ጽሑፍ፣ ካስፈለገም ከዚያ በላይ እንዲቆጠር ሴኔቶች ሊወስኑ ይችላሉ። ትምህርት ሚኒስቴርም በየዩኒቨርሲቲው ቢያንስ አንድ የረጅም ጊዜ መለኪያ ጣቢያ ከፕሮጀክት ገንዘብ ወጥቶ በመደበኛው በጀት፣ ከመብራትና ከውሃ ክፍያ ጎን እንዲሰፍር ማዘዝ ይችላል። ጣቢያው ከኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ጋር ቢቀናጅ፣ ታዛቢውም ሲታመም ተተኪ ያለው ቋሚ ሠራተኛ ቢሆን፣ ሥራው በሚቀጥለው ክረምት መጀመር ይችላል።